መጽሐፉን ዘግቶ ገበያ መውጣት

ጅማ ውስጥ አጂፕ አካባቢ ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ ዝናብ አግቶን ተቀምጠናል። ወሬው ከኳስ ወደ ኑሮ፣ ከኑሮ ወደ መጽሐፍ ዞረና አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «እስኪ ሕይወታችሁን የቀየረው መጽሐፍ የትኛው ነው?» ሲል ጠየቀ። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ የሚያጣ የለም፤ ሁሉም በየተራው አንዳንድ ርእስ ጣለ። ሲኒ የሚሰበስቡት የቤቱ ባለቤት፣ እትዬ የምንላቸው፣ ቀና ብለው «ታዲያ ከዚያ ወዲህ ምን ይታያችሁ ጀመር?» አሉን። ርእስ የጠራው ሁሉ መልስ አጣ። አንዱ «አስተሳሰቤን ነው የቀየረው» ብሎ ሊያመልጥ ሞከረ፤ እሳቸው ግን የጠየቁት ስለ አስተሳሰብ አልነበረም።

ዝናቡ አባርቶ ከተበታተንን በኋላም ጥያቄው አልለቀቀኝም። የመጻሕፍት ዝርዝር ማውጣት ቀላል ነው፤ «ሳታነቡ እንዳትሞቱ» የሚል ዝርዝር በየቴሌግራም ቻናሉ ሞልቷል። መጽሐፉ ከተዘጋ በኋላ አንባቢው በገዛ ሰፈሩ ምን አዲስ ነገር እንደሚያይ የሚነግር ግን የለም ማለት ይቻላል። እኔ የማምነው ዓይን ቀየረ የሚባል መጽሐፍ በዚህ ብቻ መለካት እንዳለበት ነው፦ ዘግተውት ከበር ሲወጡ፣ ትናንትም እዚያው የነበረ ግን ያልታየ ነገር ካሳየ ቀይሯል። ካላሳየ ግሩም መጽሐፍ ሊሆን ይችላል፤ ያስለቅስም ይሆናል፤ ዓይን ግን አልነካም።

ይህን ስለ መጻሕፍት በጥቅሉ እያወሩ ማሳየት አይቻልም። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ፣ እንዲያውም ከመጽሐፉ ውስጥ ጥቂት ገጾች ይዤ ልሂድ።

ውሃው ንጹህ ነበር

አሜሪካዊቷ የባሕር ሕይወት ተመራማሪ ሬቸል ካርሰን እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተመችው «ዝምተኛው ጸደይ» ከሚነበበው ይልቅ የሚጠራው ይበዛል። ዲዲቲ በተባለው ፀረ ተባይ መድኃኒት ላይ የተጻፈ መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። በወሬ የሚያውቀው ሰው «ኬሚካል መጥፎ ነው» የሚል ነገር ይዞ ይቀራል፤ ለዚያ ደግሞ መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልግም። ዓይን የሚቀይረው ቦታ ስለ ውሃ በሚናገረው ምዕራፍ ውስጥ የገባው የአንድ ሐይቅ ታሪክ ነው።

ሐይቁ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው፤ ክሊር ሌክ ይባላል። ዓሣ አጥማጆች ይወዱታል፤ ነገር ግን አንዲት ትንሽ ትንኝ በዳርቻው ትፈላለች። አትናከስም፤ ብዛቷ ግን ሰውን አስመረረው። እ.ኤ.አ. በ1949 ዲዲዲ የሚባል፣ ከዲዲቲ ጋር በጣም የሚቀራረብ መድኃኒት ወደ ውሃው ተለቀቀ። ዓሣ እንዳይጎዳ ተፈርቶ መጠኑ በጥንቃቄ ተሰላ፦ ለ70 ሚሊዮን እጅ ውሃ አንድ እጅ መድኃኒት። ትንኟ ለጊዜው ጠፋች። ተመልሳ ስትመጣ በ1954 መጠኑ ከፍ ብሎ ለ50 ሚሊዮን እጅ አንድ እጅ ሆነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በሐይቁ ላይ የሚኖሩ ግሪብ የተባሉ ጠላቂ ወፎች ከመቶ በላይ ሞተው ተገኙ። በ1957 ለሦስተኛ ጊዜ ተጨመረ፤ ወፎቹም እንደገና ሞቱ። ተላላፊ በሽታ ይሆናል ተብሎ ተመረመረ፤ በሽታ አልተገኘም። የሞቱትን ወፎች ስብ መመርመር ለአንድ ሰው ትዝ ያለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አንባቢ እዚህ ጋ ቆም ማለት አለበት። ውሃው ውስጥ የነበረው መድኃኒት ከሚሊዮን እጅ 0.02 እጅ ብቻ ነበር። ውሃው ላይ በሚንሳፈፉት ጥቃቅን ሕያዋን ውስጥ 5 እጅ ተገኘ። ዕፅ በል ዓሦች ውስጥ ከ40 እስከ 300። ከሥጋ በል ዓሦች በአንዱ ውስጥ 2,500። በወፎቹ ስብ ውስጥ 1,600። የወፎቹን ቁጥር ለውሃው ቁጥር ብናካፍለው 80,000 እጥፍ ይመጣል። ይህን ያህል መርዝ ወደ ሐይቁ የጨመረ ሰው የለም። መብላትና መበላት ነው ያጠራቀመው።

አሠራሩ በሁለት ነገር ላይ የቆመ ነው። አንደኛ፣ መድኃኒቱ በውሃ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ በስብ ግን ይሟሟል። ስለዚህ ከገባበት አካል በሽንት ታጥቦ አይወጣም፤ ስብ ውስጥ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ ቶሎ አይፈርስም፤ አፈር ውስጥ እንኳ ለዓመታት ይቆያል። አንድ ትንሽ ዓሣ በዕድሜው እልፍ ጥቃቅን ሕያዋን ይበላል፤ ምግቡ ጉልበት ሆኖ ያልቃል፣ መርዙ ይቀራል። ትልቁ ዓሣ ደግሞ ብዙ ትናንሽ ዓሦች ይበላል፤ አሁንም ምግቡ ያልቃል፣ መርዙ ይቀራል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት የለመድነው ለበጎ ነገር ሲነገር ነው፤ ክሊር ሌክ ላይ ክፉውም በዚያው እግር ሄዷል።

ምዕራፉ የሚታጠፈው ግን ከቁጥሮቹም በኋላ ነው። ከመጨረሻው ርጭት ጥቂት ቆይቶ ውሃው ሲመረመር መድኃኒቱ የለም። ዱካውም አልተገኘም። መርማሪዎቹ አልዋሹም፣ መሣሪያቸውም አልተበላሸም፤ ውሃው በእውነት ንጹህ ነበር። መርዙ ከሐይቁ አልወጣም፤ ሐይቁ ውስጥ በሚኖረው ሕይወት ውስጥ ገባ እንጂ። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ» የሚሉት ሽማግሎች ይህን ቢሰሙ ብዙም የሚደነቁ አይመስለኝም።

ይህ የገባው ሰው «ተመርምሮ ንጹህ ሆኖ ተገኝቷል» የሚል ወረቀት ሲያይ እንደ ድሮው አያልፈውም። የተመረመረው ምንድን ነው ይላል። ውሃው ወይስ ዓሣው? ሥጋው ወይስ ስቡ? በርጭቱ ማግስት ወይስ ከሁለት ዓመት በኋላ? እንዲህ ያለው ጥያቄ ከሐይቅ ወጥቶ የትም ይገባል። የመሥሪያ ቤት ሒሳብ ተመርምሮ ጉድለት ሳይገኝበት ሲቀር እንኳ ገንዘቡ ካለፈባቸው እጆች መካከል የተመረመረው የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ያስመኛል። መጽሐፉ ስለ በጀት አንድም ቃል አይናገርም፤ አንባቢው ግን አንዴ ጥያቄውን ይዟል።

ጅማ ላይ ሲነበብ

ይህ መጽሐፍ አሜሪካ ውስጥ ስለ ወፍና ስለ ዓሣ ነው። ለጅማ ሰው ግን ስለ ቤቱ ግድግዳ ሊሆን ይችላል። የወባ ርጭት ሠራተኞች ታንክ ተሸክመው በየገጠሩ ቤት ለቤት ለዐሥርተ ዓመታት ዞረዋል፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ዕቃ ከቤት አውጥቶ ርጭቱ እስኪደርቅ ደጅ መጠበቅን ያስታውሳሉ። የሚረጨው ዲዲቲ መጠን በካሬ ሜትር እስከ 2 ግራም ነበር። የሚረጨው ግድግዳና ጣሪያ 60 ካሬ ሜትር የሚሆን የጭቃ ቤት በአንድ ዙር እስከ 120 ግራም ዲዲቲ ይይዝ ነበር ማለት ነው። የወባ ትንኝ ደም ጠጥታ ከብዳ ግድግዳ ላይ ስታርፍ እንድትሞት ነበር የታሰበው። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም፤ ብዙ ሕይወት አድኗል። መድኃኒቱም አገር ውስጥ፣ አዳሚ ቱሉ ባለው ፋብሪካ ይቀነባበር ነበር።

የክሊር ሌክን ታሪክ ያነበበ ሰው የሚጠይቀው ከግድግዳው በኋላ ያለውን መንገድ ነው። ለወባ የመጣ ዲዲቲ ከግድግዳ አልፎ ወደ ማሳ፣ በተለይም ወደ ጫት መውጣቱ የታወቀ ነገር ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጅማ ዞን የተሰበሰበ ጤፍ፣ በቆሎ፣ በርበሬና ቡና ሲመረምሩ የዲዲቲ ቅሪት አግኝተዋል። ከጅማ፣ ከሰርቦና ከአሰንዳቦ የተወሰደ የላም ወተትና የእናት ጡት ወተትም ተመርምሮ በሁለቱም ተገኝቷል፤ በእናት ወተት ውስጥ ያለው ከላሙ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር።

የመጨረሻው ነገር መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ያስደነግጠዋል፤ ያነበበው ደግሞ ምክንያቱን መገመት ይችላል። ላም ሣር በል ናት፤ በመብላትና በመበላት ተራ ዝቅ ብላ ትገኛለች፣ በየቀኑም እየታለበች ያጠራቀመችውን ታወጣለች። ሰው ከላይ ነው፤ እህሉንም ወተቱንም ቅቤውንም ይበላል፤ በዚያ ላይ የተረጨ ግድግዳ ሥር ይተኛል። ወተት ስብ አለው፤ መርዙም ስብን ይከተላል። ከሐይቁ ወፎች ጋር ያለው ልዩነት በቦታ ነው፤ አሠራሩ አንድ ነው።

ስለ ቡናችን የሚጨነቅ ካለ ትንሽ ይረፍ። ጥሬውን ቡና ማጠብ ቅሪቱን በከፊል ይቀንሰዋል፤ መቁላት ግን አብዛኛውን ያጠፋዋል። ከሲኒው ይልቅ የሚያሳስበው ጫቱ ነው። አይቆላም፣ አይቀቀልም፤ ብዙ ጊዜ በደንብ ሳይታጠብም ይቃማል። በተቆረጠበት ዕለት ገበያ መድረስ ስላለበት ደግሞ በርጭቱና በመቃሙ መካከል ያለው ቀን አጭር ሊሆን ይችላል። በርጫ ላይ ተቀምጦ ስለ ምርጥ መጻሕፍት የሚከራከር ሰው ይህን ምዕራፍ እዚያው ቢያነበው ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ከመጨረሻዎቹ ምዕራፎች አንዱ ተባዮች መድኃኒቱን እንዴት እንደሚያሸንፉት ይተርካል። በግልገል ጊቤ ግድብ አካባቢ ያሉ የወባ ትንኞች ዲዲቲን መቋቋማቸው በጥናት የተመዘገበው መጽሐፉ ከወጣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በተለምዶ «ትንኟ መድኃኒቱን ለመደችው» እንላለን፤ አነጋገሩ ግን ያሳስታል። አንዲት ትንኝ ምንም አትለምድም። ከብዙ ሺህ ትንኞች መካከል በተፈጥሯቸው መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ጥቂቶች አሉ፤ ርጭቱ ሌሎቹን ይገድልና እነዚያን ያስቀራል፤ በሚቀጥለው ወር የምትነክሰን የእነዚያ ልጅ ናት። ያው መድኃኒት ማሳ ላይ ሲረጭና በዝናብ ታጥቦ ትንኝ ወደምትፈለፈልበት ኩሬ ሲገባ ይህ ማጣራት ከእጭ ይጀምራል። ስለዚህ ጫት ላይ የተረጨ ዲዲቲ ግድግዳ ላይ የተረጨውን ዲዲቲ ጥቅም የለሽ ለማድረግ ይረዳል። እነዚህን ሁለት ነገሮች አያይዞ ማየት ቀላል ይመስላል፤ ሳያነቡ ግን ማን ያያይዛቸዋል?

አንባቢ የሚሳሳትበት

ብዙ ሰው የሚሰናከለው መጽሐፉን ጨርሶ በጋለበት ሳምንት ነው። «ኬሚካል ሁሉ ይጥፋ» ይላል። ካርሰን ይህን አላለችም፤ ፀረ ተባይ መድኃኒት ፈጽሞ አይነካ የሚል አቋም እንደሌላት በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ጽፋለች። የተቃወመችው ምን እንደሚያስከትል ሳይታወቅ፣ የሚደርስባቸው ሰዎችም ሳይጠየቁ በጅምላ መርጨትን ነው። አሜሪካ ዲዲቲን ከእርሻ ላይ ያገደችው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ ካርሰን በ1964 አርፋ ስለነበር አላየችውም። እ.ኤ.አ. በ2001 የጸደቀው የስቶክሆልም ስምምነትም ዲዲቲን ሲገድብ በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል የሚውለውን ለይቶ አስቀርቷል። ወባ ልጅ የሚገድልበት አገር ላይ ተቀምጦ ይህን መዝለል አይቻልም።

የወተቱን ነገር የሰማ ሰው ደግሞ እናቶችን ከማጥባት ሊከለክል ይነሣል። ትልቅ ስሕተት ነው። የጡት ወተት የሚሰጠው ጥቅም እንዲህ ካለው ቅሪት ከሚመጣው ስጋት እንደሚበልጥ የጤና ባለሙያዎች ምክር ነው፤ መስተካከል ያለበት ማሳውና መጋዘኑ ነው። መጽሐፍ ያሳየንን ነገር በማግስቱ ሌላው ሰው ላይ ትእዛዝ ማድረግ የተለመደ ችኮላ ነው፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውም ሁሉን ጠርጥር ተብሎ ይተረጎማል። ጥርጣሬ ጥሩ ሥራ የሚሠራው ጥያቄ ሲሆን ነው።

ጥያቄውም ጥበብ ይፈልጋል። የሂርማታ ገበያ ወርዶ ጫት ሻጯን «መድኃኒት ትረጩበታላችሁ እንዴ?» ያላት ሰው «ኧረ በፍጹም!» ተብሎ ይመለሳል። «ተባይ ሲይዘው ምን ታደርጉታላችሁ?» ብሎ የጠየቀ ግን ወሬ ያገኛል። ቀጥሎ «ዱቄት ነው ወይስ ፈሳሽ? ከሱቅ ነው ወይስ ሰው ነው የሚያመጣው? ከረጫችሁ በስንተኛው ቀን ትቆርጡታላችሁ?» ማለት ይቻላል። መልሱን መጻፍ እንጂ መከራከር አያስፈልግም። የእርሻ መድኃኒት መሸጫ ገብቶ ደግሞ የዕቃውን ወረቀት ማንበብ ነው። ሦስት ነገር ይፈለጋል፦ የሚሠራው ንጥረ ነገር ስም ከነመጠኑ፣ የተፈቀደለት ሰብል፣ ከመጨረሻው ርጭት እስከ ምርት መሰብሰቢያ መቆየት ያለበት ቀን። በፌስታል ተቋጥሮ የሚሸጥ ዱቄት ሦስቱም የሉትም። እዚያ ላይ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

በዓይን የሚደገም፣ በጆሮ የሚደገም

ቁጥር የማይወድ ሰው ጣሊያናዊው የሰማይ ተመራማሪ ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያሳተማትን «የከዋክብት መልእክተኛ» የተባለች ቀጭን መጽሐፍ ይውሰድ። ግማሿ ማለት ይቻላል ተመሳሳይ ሥዕል ናት፦ መካከል ላይ ጁፒተር፣ ከግራና ከቀኝ ጥቂት ነጥቦች፣ ከነቀኑ። ጥር 7 ቀን 1610 በእነሱ አቆጣጠር ሦስት ነጥብ ነበር፤ በማግስቱ ሦስቱም ወደ አንድ ወገን ሄዱ፤ በ13ኛው ቀን አራት ሆኑ። ነጥቦቹ ጁፒተርን የሚዞሩ ጨረቃዎች እንደሆኑ የሚያሳምነው ክርክር ሳይሆን የሌሊቶቹ መደጋገም ነው። ይህን ጅማ ላይ መድገም ይቻላል። ክረምቱ ደመና ስለሆነ አይሆንም፤ ሰማዩ ከሚጠራበት ከኅዳር እስከ ጥር፣ ጁፒተር በሚታይበት ዓመት፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ መነጽር ይበቃል። እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ነጥቦቹ መስመር ሆነው ይታያሉ፤ ስለዚህ መነጽሩን ግንብ ላይ ማስደገፍ ግድ ነው። ሰዓቱ በየሌሊቱ አንድ ይሁን፤ ሥዕሉም ሁልጊዜ ምሥራቁ በአንድ ወገን ይሁን፤ አንድ ቀን የተገለበጠ ሥዕል ሳምንቱን ሁሉ ያበላሻል።

ልብ ወለድስ? «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ ያነበበው ሁሉ በበዛብህና በሰብለ ወንጌል አልቅሷል። ከልቅሶው ሌላ ምን ታያችሁ ሲባል ግን መልሱ ያለው ጉዱ ካሳ ጋ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ትክክለኛውን ነገር ያናገሩት ሰዉ እብድ የሚለውን ሰው ነው። አንባቢ ከጉዱ ካሳ ጋር ይስማማል፤ መጽሐፉን ዘግቶ እድር ስብሰባ ሲሄድ ግን ተናግሮ ሳይጨርስ ሰው በሚስቅበት ሰው ላይ አብሮ ይስቃል። እንዲህ ያለ ሰው በየእድሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ አለ። ያለውን ነገር ቃል በቃል፣ ከነቀኑ መጻፍና በዓመቱ አውጥቶ ማየት ነው። ከጻፈው ብዙው እርባና ቢስ ሊሆን ይችላል፤ ጉዱ ካሳም ሁሉ ነገሩ ትክክል አልነበረም። ከመካከሉ አንድ ሁለቱ ግን ያስደነግጣሉ።

አንድ ቅጂ ለአምስት ሰው

እንዲህ ማንበብ ብቻን ይከብዳል፤ መጽሐፉ ደግሞ አንድ ቅጂ ነው የሚገኘው። በስልክ ፒዲኤፍ ማንበብ መፍትሔ ይመስላል፤ ስካን የተደረገ ገጽ ላይ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ሁለት ቁጥር ማነጻጸር ያሰለቻል፣ አንባቢውም ገጹን ሳይሆን ማሳወቂያውን ያያል። የሚሠራው የድሮ ዘዴ ነው፦ መጽሐፉን ከፋፍሎ ማዞር። መጽሐፍ መቁረጥ ነውር የሚመስለው ብዙ ነው። መደርደሪያ ላይ ሃያ ዓመት መቀመጥ ይበልጥ ነውር ይመስለኛል፤ ከወላጅ የተወረሰውንና ዳግም የማይገኘውን ግን ማንም አይንካው።

መጀመሪያ ጀርባውን ከላይ በኩል ማየት ነው። ወረቀቱ ባለ 16 ገጽ እጥፍ እጥፍ ሆኖ ከታየ በክር የተሰፋ ነው፤ የእጥፉን መካከል ገልጦ ክሩን በምላጭ መቁረጥ ይበቃል፣ ወረቀት አይጎዳም። ወረቀቱ ነጠላ ነጠላ ሆኖ ሙጫ ላይ ከቆመ በሙጫ ብቻ የተያዘ ነው። ይህን መጎተት አያስፈልግም፤ ምዕራፍ በሚያልቅበት ገጽ ለጥ አድርጎ ከፍቶ፣ ምላጩን በማስመሪያ አስደግፎ ሙጫውን ከላይ እስከ ታች ቀስ ብሎ መሰንጠቅ ነው። 300 ገጽ ያለው መጽሐፍ አምስት ቦታ ሲከፈል እያንዳንዱ 60 ገጽ፣ ማለትም 30 ቅጠል ይሆናል። ቀጭን ስለሆነ በአንድ ስፌት ይያዛል።

ስፌቱ እንዲህ ነው። ቅጠሎቹን ጠረጴዛ ላይ ደቅደቅ አድርጎ ጠርዛቸውን ማስተካከል፣ ከላይና ከታች ማኒላ ወረቀት ማድረግ፣ ከዚያ ከጀርባው 5 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ በወስፌ አምስት ቀዳዳ መብሳት። ኅዳጉ ጠባብ ከሆነ ከዚያ በላይ መግባት ፊደል ይበላል፤ ከዚያ ማነስ ደግሞ ወረቀቱን ይቀደዋል። ክሩ የመጽሐፉን ቁመት አራት አምስት ጊዜ ይርዘም፤ ሰም ላይ ቢጎተት አይበጠስም፣ አይቋጠርምም። ጅማ ላይ ሰም አይጠፋም። ከመካከለኛው ቀዳዳ ጀምሮ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ወደ ታች ወርዶ፣ መካከል ላይ ማሰር። ጀርባው ላይ ኮላ በስሱ ይቀባል፤ የዱቄት ሙጫ ግን ይቅር። በዚህ አገር እርጥበት የዱቄት ሙጫ ሻጋታ ይጠራል፣ በረሮም ይበላዋል። ኮላው ሲበዛ ወደ ገጾቹ ገብቶ ያጣብቃል፤ ስለዚህ ከቀባ በኋላ የተረፈውን በጨርቅ ጠርጎ፣ በሁለት ጣውላ መካከል ክብደት አድርጎበት እስኪነጋ መተው ነው።

በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ በሚዘንብበት ከተማ መጽሐፍ የሚገድለው ከአንባቢ ይልቅ ግድግዳ ነው። መደርደሪያው የውጭ ግድግዳ ላይ አይለጠፍ፤ አንድ ጋት ይራቅ። ለጥንቃቄ ተብሎ ፌስታል ውስጥ አስሮ ማስቀመጥ እርጥበቱን አብሮ ማሰር ነው። የሻገተ ገጽ እርጥብ እያለ ከተጠረገ ሻጋታው ወደ ወረቀቱ ይገባል፤ መጀመሪያ ነፋስ ባለበት ጥላ ይድረቅ፣ ከዚያ ደጅ ወጥቶ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ። ፀሐይ ላይ ማስጣት ወረቀቱን ያጎብጠዋል፣ ያደበዝዘዋልም።

አዙሮ ሲነበብ እያንዳንዱ ሰው አንድ ክፍል ለአንድ ሳምንት ይይዛል። ከክፍሉ ጋር የሚሄድ ደብተር አለ፤ ማጠቃለያ አይጻፍበትም። የሚጻፈው ሁለት ነገር ነው፦ ከክፍሉ በእጅ የተገለበጠ አንድ አንቀጽ ወይም ቁጥር፣ ከሥሩ ደግሞ በእግር ሄዶ የሚመለስ አንድ ጥያቄ። «የሰው ልጅ ተፈጥሮን ለምን ያጠፋል?» በእግር ተሄዶ አይመለስም። «ሐሙስ ዕለት የሚሸጠው በርበሬ መጋዘን ውስጥ እንዳይነቅዝ ምን ይደረግበታል?» ይመለሳል። ስብሰባ ላይ ያነበቡትን መተረክ ክልክል ነው፤ የሚነገረው ያዩት ብቻ ነው። በዚህ ሕግ የተነሣ መጀመሪያው ስብሰባ ብዙ ጊዜ በሃያ ደቂቃ ያልቃል፣ ሰውም ያፍራል። ሁለተኛው ላይ ወሬ ይኖራል።

ሰዎች በምዕራፍ ቅደም ተከተል ስለማያነቡ የማይገባቸው ነገር ይኖራል፤ ለዚህ የርእስ ማውጫውን አምስት ኮፒ አድርጎ በየክፍሉ መጀመሪያ መስፋት ይረዳል። ከአምስቱ ክፍሎች የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ሁሉም የሚወደው ስለሆነ፣ እሱን ከመዞሩ በፊት ፎቶ ኮፒ ማድረግ ወጪውን ይክሳል። ደብተሩ ግን ኮፒ የለውም፤ ሁልጊዜ የሚይዘው ሰው ስም ከሽፋኑ ጀርባ፣ ከነቀኑ ይጻፍ።